ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው፤ ልብሱስ?

«ይድረስ ለእትዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ የምኖር የ29 ዓመት ሴት ነኝ። እዚህ አገር ከመጣሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ፍሌሚንግተን የሚባለው የፈረስ ውድድር ሜዳ ከሰፈሬ ወንዙን ተሻግሮ ነው፤ ግን አንድም ቀን ረግጬው አላውቅም። በየዓመቱ ጥቅምት ማለቂያ ላይ ጭንቅላታቸው ላይ ላባ የሰኩ ሴቶች ባቡር ውስጥ እያየሁ በሆዴ ስስቅ ነው የኖርኩት። ዘንድሮ ተራው የእኔ ሆነ። የምሠራበት ድርጅት እኔንና ባለቤቴን ደርቢ ዴይ የሚሉት የውድድር ቀን ላይ ጋበዘን። ትኬቱ ‹ሜምበርስ› የሚሉት የአባላት ክልል ነው። ‹ጥቁርና ነጭ ልበሱ› ተብለናል። አንድ ሱቅ ገብቼ ባርኔጣ ብጠይቅ 420 ዶላር አሉኝ። እኔ ከእግር እስከ ራሴ ያለኝ በጀት 250 ዶላር ነው። ባርኔጣ ግድ ነው? የሀበሻ ቀሚስ ብለብስስ? የባህል ትርዒት ለማሳየት የመጣሁ እንዳልመስል ፈራሁ። ፀጉሬ ሹሩባ ነው፤ መፍታት አልፈልግም። ባለቤቴ ያለው አንድ ጥቁር ሱፍ ነው፤ እሱም የሠርጋችን። አክስቴ ደግሞ ‹በጽጌ ጾም ቁማር ቤት?› ብላ ተቆጥታኛለች። ምን ይመክሩኛል? — ወንዝ ማዶ ያለሁት»

ወንዝ ማዶ ያለሽው እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ያሳቀኝ 420 ዶላሩ ነው። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሱቅ ገብቼ፣ ዋጋውን አይቼ «ትንሽ ልዙርና እመለሳለሁ» ብዬ ወጥቻለሁ። ይኸው እስካሁን እየዞርኩ ነው።

ወደ ነገራችን ልግባ። ሱቁን ተይውና ሳጥንሽን ክፈቺ። ነጭ ቀሚስ ጥቁር ጥበብ ያለው አለሽ? ከሌለሽ ጓደኛሽ ጋር አይጠፋም። የደርቢ ዴይ ልብስሽ እሱ ነው። የፈረንጅ ሴቶች ለዚህ ቀን ጥቁርና ነጭ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ሲንከራተቱ እኛ ነጩን በየበዓሉ ለብሰነው አድገናል።

ስለ ቀኑ ትንሽ ልንገርሽ፤ ምን እንደሚለበስ የሚወስነው እሱ ነው። የፍሌሚንግተን የፀደይ ሰሞን ስምንት ቀን ውስጥ የሚካሄድ አራት ቀን ነው። ደርቢ ዴይ ቅዳሜ ነው። ማክሰኞ ካፑ፣ ዋናው የሜልበርን ካፕ ውድድር፣ ይመጣል፤ የኖቬምበር የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከተማው ሁሉ ሥራ የሚዘጋበት። ሐሙስ ኦክስ ዴይ፣ የሴቶች ቀን የሚሉት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዘጋል። እያንዳንዱ ቀን አበባ አለው። የካፑ ቢጫ ጽጌረዳ፣ የኦክሱ ሮዝ ጽጌረዳ፣ የመጨረሻው ቅዳሜ ቀይ ጽጌረዳ። የአንቺ ቀን አበባ ግን ጽጌረዳ አይደለም፤ ኮርንፍላወር የምትባል ትንሽ ሰማያዊ አበባ ናት። ከአራቱ ቀኖች ጥቁርና ነጭ ልማድ የሆነበት ደርቢው ብቻ ነው። ካፑ ላይ እንደ ልብሽ ደማቅ መልበስ ትችያለሽ፤ ደርቢ ላይ ግን ቀይ ለብሰሽ ብትሄጂ ማንም አያስወጣሽም፣ ፎቶው ላይ ግን እንደ በርበሬ ትለያለሽ።

ሜዳው ራሱ ከ16,000 በላይ የጽጌረዳ እግር አለው። በእኛ ወርኃ ጽጌ መሆኑ ነው እንግዲህ። ለአክስትሽ ይህንን ብቻ ብትነግሪያት ትንሽ ሳትለሳለስ አትቀርም።

አሁን የእኔን ጉድ ስሚ። መጀመሪያ የተጋበዝኩ ዓመት «ጥቁርና ነጭ» ሲሉኝ ጥቁሩን አበዛሁት። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ጫማ፣ ጥቁር ባርኔጣ፣ መረብ ፊቴ ላይ። ሽክ ያልኩ መስሎኝ ፎቶዬን ለቤተሰብ ላክሁ። ማታ ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ናት፣ ከደብረ ብርሃን። እያለቀሰች «ማንን ነው የደበቃችሁኝ?» ትለኛለች። ግማሽ ሰዓት ማንም እንዳልሞተ ማስረዳት ነበረብኝ። በመጨረሻም «ታዲያ ለፈረስ ነው እንዲህ የከሰልሽው?» ብላ ዘጋችብኝ።

ስለዚህ ነጩ ይብዛ። ጥቁሩ ጥበቡ ላይ፣ ወገቡ ላይ፣ ጫማውና ራስሽ ላይ ይሁን። ይበቃል።

ቀሚሱን ግን እንዳለ ይዘሽ አትሂጂ። የሀበሻ ቀሚስ ለፈረስ ሜዳ አልተሰፋም። ሦስት ነገር ያስቸግርሻል።

ርዝመቱ አንድ። መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ለቤተ ክርስቲያን ምንጣፍና ለሠርግ አዳራሽ ነው። ፍሌሚንግተን ሣር ነው። ጠዋት ጤዛ አለው፣ ከሰዓት ቢራ የፈሰሰበት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቀሚስሽ ጫፍ አረንጓዴ ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ ፈትል ላይ የሣር ቀለም ደግሞ አይለቅም። ባትሽ መሃል ድረስ ይጠር። እንዴት እንደሚያጥር ግን ልብ በይ። ልብስ ሰፊው ሰነፍ ከሆነ ከታች ቆርጦ ይዘመዝመዋል፤ ጥበብሽ ቅርጫት ውስጥ ገባ ማለት ነው። ጥበቡ ያለው ጫፉ ላይ ስለሆነ ከታች አይነካም። ወገቡ ላይ አስፈትተሽ፣ ከዚያ በኩል ቀንሰሽ መልሰሽ አስገጥሚው። ሀበሻ ልብስ የሚያውቅ ሰፊ ፈልጊ፤ ፉትስክሬይ ውስጥ ደግሞ ይህ አይቸግርሽም። የተቆረጠውን ነጭ ጨርቅም አትተይላቸው። በኋላ ይጠቅምሻል።

ሁለተኛው ማሳየቱ ነው። የመነን ጨርቅ ቤት ውስጥ መስታወት ፊት ስታይው ድፍን ነው። የሜልበርን ፀሐይ ከኋላሽ ሲሆን ግን ጉድሽ ይወጣል። ገበር ይግባበት። ገበር ካልፈለግሽ ከውስጥ ጉርድ ልበሺ። ነጭ እንዳይሆን፤ ነጭ በነጭ ሥር መስመሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የቆዳሽን መልክ የሚመስል ቡናማ ውሰጂ፤ ያ ነው የሚሰወረው።

ሦስተኛው ነፋስ ነው። ሜዳው ገላጣ ነው። ዘርፉ ሰፊ የሆነ ቀሚስ አንድ ጊዜ ሽው ሲል ሁለት እጅሽም አይበቃሽም፤ በአንዱ እጅሽ ብርጭቆ ይዘሻል፣ በሌላው ባርኔጣሽን። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። የጫፉን እጥፋት ከውስጥ ትንሽ እፈታና በአራት ቦታ አንዳንድ ባለ አምስት ሳንቲም እሰፋበታለሁ። አውስትራሊያ ሳንቲሟን የሠራችው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሌላ ምንም አይገዛም። ቀሚሱ ረግቶ ይወርዳል። ስትራመጂም ያምራል።

«የባህል ትርዒት እንዳልመስል» ያልሽው ነገር ልክ ነው፣ አልንቀውም። ግን ትርዒት የሚያስመስለው ቀሚሱ አይደለም፤ የሚደራረብበት ነው። ከደረት እስከ እግር የሚወርድ ሰፊ ጥበብ፣ በላዩ ትልቅ መስቀል፣ የግንባር ጌጥ፣ እጅ ሙሉ አምባር፣ ነጠላ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ላባ። ያ የሙሽራ ነው። አንቺ ጥበቡ ጠበብ ያለ፣ እጅጌውና ጫፉ ላይ ብቻ ያለበትን ምረጪ። ወገብሽን በጥቁር መቀነት ጠበቅ አድርጊው። ጉትቻ አድርገሽ ሐብሉን ተይው። ይህን ለብሰሽ የሚያይሽ ሰው «የማን ዲዛይን ነው?» ነው የሚልሽ። እኔን ጠይቀውኛል። «የሽሮ ሜዳ» ብዬ ዝም አልኳቸው፤ የሆነ የፓሪስ ስም መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ደግሞም የፈረስ ውድድር ዝነጣ የተጀመረባት እንግሊዝ ራሷ ይህንን አትከለክልም። ሮያል አስኮት በሚባለው ውድድር ላይ፣ ንጉሡ በሚገኙበት ክልል፣ የአለባበሱ ሕግ የታወቀ ጥብቅ ነው። ሴት ባርኔጣ ግዴታዋ ነው፤ ባርኔጣ ባይሆን እንኳ ሥሩ አሥር ሳንቲሜትር የሚሆን የራስ ጌጥ ማድረግ አለባት። የትከሻ ማንጠልጠያ ሁለት ሳንቲሜትር ተኩል ካልሞላ አይፈቀድም። ወንዱ ረጅሙን ቆብ ይደፋል። እዚያው ሕግ ላይ ግን ከውጭ የመጣ እንግዳ ያገሩን የክብር ልብስ መልበስ ይችላል ይላል። ለንደን ያላችሁ አንባቢዎቼ ይህንን ያዙልኝ። እዚያ ያስገባ ቀሚስ ፍሌሚንግተን ማን ይከለክለዋል?

ባርኔጣ ግድ ነው ወይ ላልሽው፣ ፍሌሚንግተን ላይ ለሴት ግዴታ አይደለም። ሜምበርስ ውስጥ የአለባበስ ደንብ አለ። ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ግን ደግመሽ አንብቢ። ባርኔጣው ሕግ ባይሆንም ልማድ ነው፤ ባዶ ራስሽን ከሆንሽ አንድ ነገር የረሳሽ ይመስልሻል።

በዚህ ነገር ላይ የዚያ ሜዳ ትልቁ ወሬ ደግሞ የአንቺው ቀን ላይ ነው የተፈጠረው። እ.ኤ.አ. በ1965 ደርቢ ዴይ ላይ ጂን ሽሪምፕተን የምትባል እንግሊዛዊት ሞዴል መጣች። ያኔ በዓለም ላይ ስሟ ከሚጠራ ሞዴሎች አንዷ ነበረች፤ ዕድሜዋ 22። የመጣችው በሜዳው የአለባበስ ውድድር ላይ ልትዳኝ ነው። ውድድሩ ከተጀመረ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ቀኑ ሞቃት ነው። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ ከጉልበቷ በላይ አሥር ሳንቲሜትር ያህል ያጠረ። ባርኔጣ የለም፣ ጓንት የለም፣ የእግር ሹራብ የለም። ሜዳው ጸጥ አለ አሉ። የከተማው እመቤቶች በባርኔጣና በጓንት ተሸፋፍነው አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ጋዜጦች ለቀናት ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ቀሚሱ ለምን አጠረ መሰለሽ? ልብስ ሰፊው ጨርቅ አልበቃውም ነበር። እሷም «ግድ የለም፣ ማንም ልብ አይለውም» ብላው ነበር ይባላል። ማክሰኞ ካፑ ላይ ግን ባርኔጣም፣ ጓንትም፣ የእግር ሹራብም አድርጋ መጣች። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለድፍረቱ አይደለም። የጨርቅ ማነስ አገር ሲያተራምስ ስላሳየኝ ነው።

እንግዲህ አንቺ ሞዴል ስላልሆንሽ ራስሽ ላይ የሆነ ነገር አድርጊ። 420 ዶላር ግን አይደለም።

ወገቡ ላይ ሲያጥር የተረፈውን ጨርቅ አስቀሪው ያልኩሽ ለዚህ ነው። ከጥቁሩ ጥበብም አንድ ክንድ የሚሆን ቁራጭ ፈልጊ፤ ከነጠላ ጥለትም ይሆናል። በአሥር፣ በአሥራ አምስት ዶላር ወፍራም፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለው ሄድባንድ (የራስ ማሰሪያ) ግዢ። ነጩን ጨርቅ በእርጥቡ ተኩሺው፤ ደረቁን ከተኮስሽው ይኮማተራል። ከጆሮ ሥር ጀምረሽ ሄድባንዱን ጠምጥሚው። ጫፉን በሙጫ አትለጥፊ፤ ሙጫ በፀሐይ ይለቃል። በመርፌ ያዢው። ጥበቡን ደግሞ ከላይ፣ ከቀኝ ቅንድብሽ ትይዩ፣ እንደ አበባ ሦስት እጥፍ አድርገሽ ስፊበት። ካማረሽ አንዲት ጥቁር ላባ። ሁለት ላባ ዶሮ ነው።

ሹሩባሽን አትፍቺ። እንዲያውም እንደ ሹሩባ የሚመች ፀጉር የለም። ለስላሳ ፀጉር ያላቸው ሴቶች ሲያንሸራትታቸው ነው የሚውለው። አንቺ ጋ ሄድባንዱ የጉንጉኑ ጎድጓዳ ላይ ቁጭ ይላል። ብቻ ሹሩባውን በዚያ ሳምንት አትሠሪው፤ ራስሽን ወጥሮ ይዞሽ በላዩ ሄድባንድ ሲጨምርበት እስከ ማታ ራስ ምታት ነው። ሁለት ሳምንት ቀደም በይ። ወደ ኋላ የተሠራ፣ ማጅራትሽ ላይ የተሰበሰበ ይሁን። የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ተከራይታ ባመጣችው ባርኔጣ ተቸግራ ነበር፤ ላስቲኩ አገጯ ሥር ያልፋል፣ እንደ መዋዕለ ሕፃናት ልጅ አስመሰላት። ላስቲኩን አገላብጠን ከኋላ፣ ከጉንጉኑ ሥር አሳልፈን በጥቁር ክር ሁለት ቦታ ጉንጉኑ ላይ ሰፋነው። ማታ በመቀስ ፈታነው። ቀኑን ሙሉ ነፋሱ ምንም አላደረጋትም።

ባርኔጣ ልከራይ ካልሽም ክፋት የለውም፤ የሚያከራዩ ሱቆች አሉ። ያገለገለ ልብስ መሸጫም እይ። ብቻ ወቅቱ ፀደይ ነው፤ የሱፍ ባርኔጣ አትያዢ። እሱ የክረምት ነው። ሣር የሚመስለውን፣ ቀለል ያለውን።

እግርሽ ጋ ልምጣ። ከሁሉም ነገር የማዝነው በእግር ጉዳይ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ የሄድኩ ዓመት ቀጭን ታኮ አደረግሁ። አሥር ሳንቲሜትር። ከባቡር ወርጄ እስከ በሩ ንግሥት ነኝ። ሣሩ ላይ አንድ እርምጃ ስሄድ ታኮው ጥልቅ አለ። ነቀልኩት። ሁለተኛው ጠለቀ። ጽጌረዳዎቹ አጠገብ ስደርስ እግሬ ወጣ፣ ጫማዬ ቀረ። ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እንደ ተተከለ ችግኝ። አንድ ሸምገል ያለ ሰው ጎንበስ ብሎ እንደ ካሮት ነቅሎ ሰጠኝ። «አይዞሽ፣ በየዓመቱ ከአስር በላይ እነቅላለሁ» አለኝ። ያን ቀን የቀረውን ሰዓት በጫማዬ ጫፍ ቆሜ ነው የዋልኩት። ለሦስት ቀን ባቴን ማጠፍ አልቻልኩም።

ወፍራም ታኮ አድርጊ፤ ተረከዙ የክብሪት ሳጥን የሚያህል። አምስት ሳንቲሜትር ይበቃሻል። ጥቁር ይሁን። አዲስ ከሆነ ቤት ውስጥ በእግር ሹራብ ሳምንት ሙሉ ልመጂው፤ ወጥ እየሠራሽ። ጠዋት አራት ሰዓት ገብተሽ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ብትወጪ ሰባት ሰዓት ነው፤ አብዛኛውን ቆመሽ። በጀትሽ ውስጥ ገንዘብ የሚወጣበት ቦታ ካለ ይህ ነው። ለልብስ ሰፊው ሰባ ብትከፍዪ፣ ለሄድባንዱ ሃያ፣ ከመቶ በላይ ለጫማ ይተርፍሻል። በጫማ ላይ አትሰስቺ።

ሜልበርን የምትኖሪ ሰው ስለሆንሽ ስለ አየሩ አልነግርሽም። አንድ ነገር ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2018 የካፑ ዕለት ጠዋት ዝናቡ ወረደ፤ ሰው ቦርሳውን ባርኔጣው ላይ ደፍቶ ይሮጥ ነበር። 1965 ደግሞ ሙቀት። ሁለቱም እዚያው ሜዳ፣ እዚያው ሰሞን። ነጠላሽን ያዢ። ጠዋት ትከሻሽ ላይ ጣል፣ ሲሞቅ አጣጥፈሽ ክንድሽ ላይ። ብቻ እንደ ለቅሶ ቤት ጥለቱን ወደ አንገትሽ አታምጪው፤ አበሻ አይጠፋምና ይታዘብሻል። ጥላ አትያዢ፤ ከኋላሽ ያለው ሰው ፈረስ ሊያይ ነው የመጣው። የፀሐይ ቅባት ግን እንዳትረሺ። «እኛ ጠይም ነን» የሚለውን ወሬ ተይው፤ የዚህ አገር ፀሐይ አይመርጥም።

ቦርሳሽ ትንሽ ይሁን። ስልክ፣ የባቡሩ ማይኪ ካርድ፣ ቅባቱ፣ ሁለት መርፌ ቁልፍ፣ የቁስል ፕላስተር፣ የሚታጠፍ ነጠላ ጫማ ለመመለሻ። የመመለሻው ባቡር ሰልፍ ላይ ታመሰግኚኛለሽ።

ባለቤትሽን በአጭሩ። ጥቁሩ ሱፍ ይበቃዋል። ግን አሁኑኑ ይለካው። ከሠርግ በኋላ ወንድ ይወፍራል፤ ኮቱ ሆዱ ላይ እንደ ኤክስ ከተወጠረ ቁልፉን ፈቶ ይዋል፣ ወይም ልብስ ሰፊው ያስፋለት። ሱሪው ጫማው ላይ ከተቆለለ ያሳጥረው። ሰደርያውንና የአንገት ቢራቢሮውን ቤት ይተወው፤ እሱ ሙሽራ ሳይሆን የተጋበዘ ሰው ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ከረባት ወይም ጥቁርና ነጭ ጣል ጣል ያለበት። ግራ ደረቱ ላይ ያቺን ሰማያዊ አበባ ይሰካ። አንድ ቀን ሙሉ ቀለም ያለው ነገር በእናንተ ላይ እሷ ብቻ ትሁን። አንቺ ላይ አትድገሚያት።

ስታስቢው የሚያስቅ ነገር አለ። በእኛ አገር የሚዘነጠው ፈረሱ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ብትሄጂ የአገው ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን እንዴት እንደሚያስጌጡ ታያለሽ፤ ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ ግንባሩ ላይ የሚንጠለጠለው። ጀግኖቻችንም በፈረሳቸው ስም ነበር የሚጠሩት፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ፍሌሚንግተን ላይ ግን ፈረሱ ራቁቱን ነው፤ ትንሽ ኮርቻና ቁጥር ብቻ። ላባና ሐር የሚለብሰው ሰው ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ነገሩ ተገልብጦ ታየኝ።

አክስትሽን አትሟገቻት። ጽጌ የፈቃድ ጾም መሆኑን እሷም ታውቃለች፤ ጿሚ ከሆንሽ ግን አንቺም መጾም ትችያለሽ። ጋባዦችሽን ቀድመሽ «ቬጋን ነኝ» በያቸው። ሁላችንም እንደምናደርገው። ዝግጅት ላይ ካልነገርሻቸው የሚዞረው ሳህን ላይ ዓሣና አይብ ብቻ ነው የሚመጣው፤ በባዶ ሆድ ሻምፓኝ ደግሞ የትኛውንም ቀሚስ ያበላሻል።

ውርርዱም ግድ አይደለም። ሳይወራረድ የሚውል ሰው ብዙ ነው። ሰዎቹ «ምረጪ» ብለው ከያዙሽ አሥር ዶላር በእጅሽ ያዢ፤ እሷ ካለቀች ካርድሽን አታውጪ። ለመምረጥ ደግሞ እኔ ፈረስ አላውቅም፤ የጋላቢውን ልብስ ነው የማየው። እያንዳንዱ የፈረስ ባለቤት የራሱ የተመዘገበ ቀለም አለው፤ ጋላቢው ያንን ነው የሚለብሰው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሚሼል ፔይን ካፑን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ጋላቢ ስትሆን ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ነጭ ለብሳ ነበር። ፈረሷ ያሸንፋል ብሎ የገመተ ሰው አልነበረም፤ በአንድ ዶላር መቶ የሚከፍል ነበር። እኔ ያን ቀን ቤቴ ቴሌቪዥን ላይ ሳየው ልብሱ ደስ ብሎኝ «ያቺ ትግባ» ብዬ ነበር። ሳንቲም አላስያዝኩም። ባለቤቴ እስካሁን ያነሣብኛል።

በይ እንግዲህ፣ ልብስ ሰፊው ጋ ዛሬውኑ ሂጂ። ደርቢው ሲደርስ የሁሉም ሰው ልብስ ይደራረብበታል። ፎቶሽንም ላኪልኝ። ለእናትሽ ከመላክሽ በፊት ግን አስቀድመሽ ደውዪና ማንም አልሞተም በያት።